ጭቃና መስታወት በአንድ ስንጥቅ ላይ

የዱሮ ግንበኛ ይበልጣል ወይስ የዛሬ፣ ከልጄ ጋር ስንከራከር ኖረናል። እሱ ሐይፋ ላይ ፎቅ ያቆማል። እኔ የጎንደር ግንበኛ ልጅ ነኝ። ክርክሩ የቤት ጨዋታ ነበር፤ የእሱ ልጅ ሴት ልጅ ወልዳ ከባሕሩ ዳር ክርያት ያም ወዳለው ቤቴ ልትመጣ እስክትል ድረስ።

በእኛ በኢትዮጵያ አይሁዶች ወግ አራስ እስክትነጻ ለብቻዋ ነች። አገር ቤት ከመንደሩ ዳር ጎጆ አላት። እዚህ ለብቻ የሚሆን አንድ የጓዳ ክፍል ብቻ ነው ያለኝ፤ እሱም ከአልጋው ራስጌ ግድግዳው ተሰንጥቋል።

ልጄ ስንጥቁን በጣቱ ዳበሰው። "እማዬ፣ እዚህ አራስ አይተኛም። ባሕሩ በግድግዳው ውስጥ ያለውን ብረት አዝጎታል። ብረት ሲዝግ ያብጣል፤ ሲያብጥ ሲሚንቶውን ከውስጥ ይገፋዋል።"

"አያቶችህ የጎንደርን ግንብ ሲሠሩ ብረት ከተቱበት? ይኸው ቆሟል።"

"እርስዎ የሚያዩት የቆመውን ነው። የወደቀውን ማን ያወራዋል?"

እውነት ስለነበረ ተናደድኩ። አባቶቻችንን ቀን ግንብ ያሠራቸው ሰው፣ ሲመሽ "ጅብ ይሆናሉ" ብሎ በሩን ይዘጋባቸው ነበር። እኔ ሳይመረመር የሚፈረድ ፍርድ አልወድም፤ በሲሚንቶም ላይ ቢሆን። ስለዚህ ግድግዳው ይፈተን አልኩ።

አባቴ የተሰነጠቀ ግድግዳ ላይ ጭቃ በጭድ አቡክቶ ይለጥፍ ነበር። ጭቃው ከተሰነጠቀ ግድግዳው ይንቀሳቀሳል ማለት ነው። እኔም እንደሱ ለጠፍኩ። ልጄ ከጭቃዬ በታች ስስ መስታወት በጄሶ አጣበቀ። ከሁለቱ አንዱ ከተሰበረ አራሷ ትወጣለች ተባባልን።

ዓርብ ዕለት ሁለቱም ደህና ነበሩ፤ አራሷ ሕጻኗን ታቅፋ ገባች። ልጄም ሰንበትን ከእኛ ጋር ሊውል መጣ።

በሥራ ቀን ጎረቤት ያለው ግንባታ ስለሚያንጓጓ ለማንኛውም ድምጽ ሰበብ አይጠፋም። ሰንበት ግን ማሽኑ ቆሟል፤ መንገዱ ጭር ብሏል። ከቀትር በኋላ ከአራሷ ጋር ተቀምጬ ሳለ አንድ ሰው ጥርሱን ሲያፋጭ ሰማሁ። ከግድግዳው ውስጥ ነው። ቆመ። ደግሞ ጀመረ፤ አሁን ከራስጌው ወደ ጣሪያው እየወጣ። ሕጻኗ ዓይኗን ገልጣ ወደዚያው ታያለች።

"ሳብታ፣ ሰማሽው?" አለች የልጅ ልጄ። አያት ማለቷ ነው። "አይጥ ነው?"

ጭቃዬን አየሁት። አንድም መስመር የለበትም። ደስ አለኝ። ከዚያ ዝቅ ብዬ አየሁ። መስታወቱ ለሁለት ተከፍሏል፤ በመካከሉ ጥፍር ይገባል።

ጭቃውን በጣቴ ጫን አልኩት። ለስላሳ ነበር። ጎንደር ፀሐዩ አድርቆ እንደ ገል ያደርገዋል። እዚህ የባሕሩ ወበቅ እርጥብ አድርጎ አቆይቶታል፤ ግድግዳው ሲሄድ ዝም ብሎ አብሮት ተለጥጧል።

"ተነሽ፣ ውጪ!"

"ጭቃሽ አልተሰበረም እኮ! አሁን ነው ያጠባኋት፣ ትተኛ…"

"ጭቃዬን ተይው። አባትሽ ረትቶኛል።"

በወጋችን አራስ አትነካም። እጇን ይዤ አስነሳኋት፤ ሕጻኗንም በሌላው ክንዴ ታቀፍኩ። ሳሎን ስንገባ ልጄ ከሶፋው ላይ ብድግ አለ። ማንንም ሳይጠይቅ የጓዳውን በር ዘጋው። ከበሩ ማዶ፣ ማንም በሌለበት ክፍል፣ ያ ድምጽ ቀጠለ።

"ሳሎን አንጥፍላት" አልኩት። "ወጉ ለዛሬ ይቅር።"

እሱ ግን እኔን አይሰማም። በሩንም አያይም። አንገቱን ቀና አድርጎ፣ ያ ድምጽ ከራሳችን በላይ በሳሎኑ ጣሪያ ውስጥ ከዳር እስከ ዳር ሲሄድ በዓይኑ ይከተላል።

"ጫማችሁን አድርጉ" አለ በሹክሹክታ። "ሁላችሁም።"