ላልቶ ሲነበብ

አባቴ «ልጄ» ብሎ የሚጠራት ሴት አለች፤ እኔ ግን አይደለሁም። እኔን በስሜ ይጠራኛል፣ እሱንም መኪናዬን የት እንዳቆምኩ ማወቅ ሲፈልግ ነው። «ልጄ» የምትባለው ቅዳሜ ቅዳሜ ኦክላንድ ውስጥ፣ ከአንድ ቤተ መጻሕፍት ጀርባ ባለች ክፍል የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ የምታስተምረው ሴት ናት። በዕድሜ እኩያዬ ትሆናለች። እዚያው አቅራቢያ አልባኒ ትኖራለች፣ በሥራ ቀን ኮሌጅ ታስተምራለች፣ ቅዳሜ ደግሞ ለጡረተኞቻችንና እዚህ ለተወለዱት ልጆች በነፃ ታነባለች፣ ታስነብባለች። ሰው ሁሉ ይወዳታል። እኔ እቀናባታለሁ። ነገሩን በሌላ ቃል ላሽሞንሙነው ብል የሚያምነኝ የለም፤ እቀናባታለሁ።

ምክንያቴን ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስጨርስ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ሥነ ጽሑፍ ማጥናት እንደምፈልግ ለአባቴ ነገርኩት። አባቴ በንጉሡ ዘመን ውጭ አገር ተልኮ የተማረ የመንገድ መሐንዲስ ነው። ጋዜጣውን ከፊቱ ሳያወርድ «ልብ ወለድ ደሞዝ አይከፍልም» አለኝ። ውጤቴ ጥሩ ነበር። በዚያን ጊዜ ውጤቱ ጥሩ የሆነ ልጅ ሥነ ጽሑፍ ላጥና ካለ ቤተሰቡ ጠበል ሊወስደው ይዳዳው ነበር። በማግስቱ ደግሜ ጠየቅኩት፤ ያልሰማ መሰለ። እኔም ዝም ብዬ ኤሌክትሪካል ምህንድስና ገባሁ። ዛሬ ሳን ሆዜ ውስጥ፣ ሌሎች የጻፉት ሶፍትዌር የቱ ጋ እንደሚበላሽ እየፈለግሁ እኖራለሁ። ደሞዙ ይከፈላል፤ በዚህ በኩል አባቴ አልዋሸኝም።

ይኸው ሰው ጡረታ ከወጣና እናቴ ካረፈች በኋላ ግጥም ያዘው። ቅዳሜ ጠዋት ከሳን ሆዜ ተነስቼ፣ በ880 አውራ ጎዳና ትራፊክ እየተጋፋሁ ኦክላንድ አፓርታማው ስደርስ፣ ከረባቱን አስሮ በር ላይ ቆሞ አገኘዋለሁ። ለሐኪም ቀጠሮ እንኳ ከረባት አያስርም። መኪና ውስጥ ከገባ በኋላ ወሬው ሁሉ ስለ እሷ ነው።

«ልጄ ባለፈው ምን አለች መሰለሽ» አለኝ አንድ ቅዳሜ። «ሥነ ጽሑፍ የማያነብ ማኅበረሰብ፣ ጎረቤቱ ምን እንደሚሰማው መገመት ያቅተዋል አለች። ይሄን ትምህርት ቤት እያለን ማን ነገረን?»

«እኔ ነግሬህ ነበር።»

«መቼ?» አለኝ፣ ከልቡ የገረመው ይመስላል።

ሌይን መቀየር ነበረብኝና ወደ መስታወቱ ዞርኩ። ከእሱ የምፈልገው ነገር ቢኖር ይሄ ነበር፤ ያኔ እንደጠየቅኩት አንድ ቀን እንዲያስታውስ። ይቅርታ አላማረኝም። ረስቶት ሌላዋን ሲያደንቅ መስማቱ ግን ያንገበግበኝ ነበር።

ያን ዕለትም ክፍሏ ውስጥ እንደ ልማዴ ኋላ ተቀምጬ፣ ላፕቶፔን ከፍቼ ሥራ የያዘች መሰልኩ። ሥራዬ እሷን ማየት ነበር። እንከን ስፈልግባት ጫማዋ ተረከዙ ያለቀ መሆኑን አየሁና ትንሽ ተጽናናሁ። ከፊት አባቴ፣ ከጎኑ ኮምፒውተር ሳይንስ የምታጠና አንዲት ወጣት ተቀምጠዋል። ልጅቷ እጇን አወጣች።

«ክላሱን እወደዋለሁ፣ ባት...» አለችና «ግን» ለማለት ፈልጋ ትንሽ አሰበች። «ለምንድነው ሚጠቅመው? ጆብ አለው?»

ጡረተኞቹ ሳቁ። አባቴም ሳቀ፤ እኔ አልሳቅኩም። መምህሯ በመልስ ፈንታ ወረቀት አደለችንና ስለ ልጅነት ቤታችን አንዳንድ ዓረፍተ ነገር እንድንጽፍ፣ ስም እንዳናሰፍር ነገረችን። እኔ ጋ ስትደርስ «ላፕቶፑ ትንሽ ይረፍ» ብላ አንዱን ወረቀት ፊቴ አስቀመጠችልኝ።

አማርኛ በእጄ ከጻፍኩ ብዙ ጊዜዬ ነው። ቢሆንም ሳላስብበት እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «አባቴ ቤት ሲሆን የልጅ ድምፅ አይሰማም።»

ወረቀቶቹን ሰብስባ፣ ቀላቅላ መልሳ አደለች። የእኔዋ ወረቀት አባቴ እጅ ገባች። አውቃ ይሁን ሳታውቅ፣ እስካሁን አልጠየቅኳትም። ተራው ሲደርስ መነጽሩን አደረገና ቀና ብሎ አነበበ። «አይሰማም»ን «ሰ»ንም «ማ»ንም አጥብቆ ነው ያነበባት፤ ማለትም ቤቱ ጸጥ ይላል።

«ሥርዓት ያለው ቤት ነው» አለ። «አባት ሲገባ ልጆች ይረጋጋሉ። እኛም ቤት እንደዚሁ ነበር።»

እኩዮቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ የተዘጋውን ላፕቶፕ አየሁ። በዚህ መሐል ልጅቷ ወደ ወረቀቱ ጠጋ ብላ ለራሷ አነበበችው፣ ድምፅዋ ግን ተሰማ። እዚህ የተወለዱት ልጆች የሚጠብቀውን እያላሉ፣ የሚላላውን እያጠበቁ ሁሌ ያስቁናል። እሷም «አይሰማም»ን አላላቻት። ክፍሉ ሳቀ።

«አጥብቂው እንጂ የኔ ልጅ» አላት አባቴ።

«አይ ጋሼ፣ አልተሳሳተችም» አለች መምህሯ። «እስቲ እሷ እንዳለችው እርስዎም አላልተው ያንብቡልን።»

«ላልቶማ ሌላ ነገር ይሆናል።»

«ይሁን፣ ያንብቡት።»

አባቴ ሰው ሲያዘው አይወድም። መነጽሩን አስተካከለ፣ ቀስ ብሎ አነበበ። አባቴ፣ ቤት ሲሆን፣ የልጅ ድምፅ አይሰማም። በዚህኛው ንባብ ልጁ ይናገራል፤ ጆሮ የማይሰጠው አባትየው ራሱ ነው። ልጅቷ ምን እንዳደረገች ለማወቅ የሁላችንንም ፊት ታያለች።

«አሁንስ ቤቱ ምን ዓይነት ቤት ሆነ፣ ጋሼ?» አለች መምህሯ።

አባቴ ወረቀቱን ወደ ዓይኑ አቀረበው። «ያው ቤት ነው» አለ። «አሁን ግን ልጅ አለበት።» ከዚያ ቀና ብሎ፣ «ልጄ፣ ዛሬ አስተማርሽኝ» አላት።

እዚያው ቦታዬ ላይ በገንኩ። ዓረፍተ ነገሩ የእኔ፣ ቤቱ የእኔ፣ አባትየው የእኔ፣ ምስጋናው የእሷ። እሷ ደግሞ ምንም እንዳላደረገ ሰው ወደሚቀጥለው ወረቀት አለፈች።

ወደ ቤቱ መለስኩት። አፓርታማው በር ላይ ሳቆም ግን አላስችል አለኝ።

«አባዬ፣ ያቺ ዓረፍተ ነገር የእኔ ነበረች።»

«አውቃለሁ። ‹ም› ስትጽፊ ጭራዋን ታስረዝሚያለሽ። ፊደል ያስቆጠርኩሽ እኔ አይደለሁ?»

«መቼ አወቅክ?»

«ገና ወረቀቱን ስከፍተው።»

«ታዲያ ለምን አጥብቀህ አነበብካት?»

«እንደዚያ ስትነበብ ስለምትቀለኝ ነዋ» አለኝ፣ ቀበቶውን እየፈታ። «ሥነ ጽሑፍ ላጥና ያልሽኝም አልጠፋብኝም። ሁለቴ ነው የጠየቅሽኝ።»

የፈለግሁት ይሄው ነበር፤ ሳገኘው ግን ምን እንደማደርገው አላወቅኩም።

«እሷ ድገመው ባትልህ ታልፈው ነበር?»

ዋሽቶ ሊያስደስተኝ ይችል ነበር። «አልፈው ነበር» አለና ወረደ።

እስከዚያ ቅዳሜ ድረስ የምቀናባት አባቴን ወሰደችብኝ ብዬ ነው። ያን ቀን ብቻዬን ወደ ሳን ሆዜ ስመለስ የቀናሁባት ግን በሌላ ነው። ያኔ፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ስጠይቀው፣ አባቴ ያልሰማ ሲመስል እኔ ዝም ብዬ ከክፍሉ ወጣሁ። እሷ «ላልቶ ይነበብ» አለችው፤ እሱም አነበበ። ይሄን ነገር የት ተማረችው ብዬ አልጠይቃትም። የት እንደተማረችው አውቃለሁ፤ እኔም እዚያ ሥነ ጽሑፍ ክፍል ለመግባት ውጤት ነበረኝ።