የጋቢናው በር

አጎቴ የመኪናውን ቁልፍ ለማንም አይሰጥም። ለገዛ ልጁም ሰጥቶ አያውቅም። ባለቤቱ ካረፈች ወዲህማ ጭራሽ ብሶበታል። ስለዚህ ለዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና አዲስ አበባ ሊሄድ ሲል ቁልፉን መዳፌ ላይ አስቀምጦ ጣቶቼን አንድ በአንድ ሲያጥፋቸው ደረቴን ነፋሁ። "አደራ" አለኝ። እሱና ባለቤቱ ከሕፃንነቴ ጀምረው ያሳደጉኝ ሰዎች ናቸው፤ እንደ ትልቅ ሰው ቆጠረኝ ያልኩት ግን ያን ቀን ነው።

በአራተኛው ቀን አደራውን በላሁ።

ለጉዳይ ሊሙ ገነት ሄጄ ነበር። ከአንድ የቡና መፈልፈያ ግቢ ወደ ኋላ ስወጣ የጋቢናውን በር ከብረቱ መዝጊያ ጋር አፋተግሁት። ወርጄ ሳየው ከመያዣው በታች ስንዝር የሚያህል ቀለም ተፍቆ ብረቱ ወጥቷል። እዚያው ቆሜ ራሴን ሰደብኩ። ዘበኛው ደግሞ ቀስ ብሎ መጥቶ "ተነካ እንዴ?" ይለኛል።

ጋራዥ መውሰድ የማይታሰብ ነው። ያንን ጠቆር ያለ ሰማያዊ መኪና የማያውቅ ቀለም ቀቢ ጅማ ውስጥ የለም፤ እኔ ቤት ሳልደርስ ወሬው አጎቴ የተኛበት ክፍል ይገባል። ሊመለስ ስምንት ቀን ቀርቶታል። ስለዚህ ጅሬን ባለው ቤታችን ጓሮ፣ በጣሳ ስፕሬይ፣ ራሴ ልቀባው ወሰንኩ።

በሩን ፈትቼ ሳወርድ ጎረቤታችን ሐጂ በአጥሩ በላይ አዩኝ። ጡረታ እስኪወጡ መኪና ሲቀቡ የኖሩ ሰው ናቸው።

"ይሄ የአጎትህ አይደለም?" አሉኝ።

"ሐጂ፣ በአላህ ይሁንብዎ፣ እንዳይነግሩብኝ።"

"እኔ ምን አገባኝ? አንተ ራስህ ትነግረዋለህ እንጂ።"

የተፋቀውን በስቱኮ ሞልቼ በብርጭቆ ወረቀት አስተካከልኩ። ችግሩ አዲሱ ቀለም ከደበዘዘው አሮጌ ጋር አልገጥም አለ፤ በሩን በሙሉ መቀባት ግድ ሆነ። ሳሽ ሳሽ ከመያዣው ሥር ካለችው ጎድጓዳ ቦታ ደረስኩ። ውስጧ ቀጫጭን ጭረቶች ተደራርበዋል፤ አሮጌ ናቸው፤ አንዳንዶቹም ጥልቅ። ሐጂ "እሷን ተዋት፤ ማን ጎንበስ ብሎ ያያታል?" አሉኝ። አልሰማኋቸውም። ሥራ ከጀመርኩ በግማሽ መተው አልወድም። ጭረቶቹን ሞልቼ፣ ፍቄ፣ እንቁላል አስመሰልኳት።

ቀብቼ ስጨርስ በሩን ጓሮ ባለው የቡና ማድረቂያ አልጋ ላይ አጋደምኩት። ከሥሩም ከላዩም ነፋስ ያገኛል ብዬ ነው። አምሮ ነበር። ውስጥ ገብቼ እጄን ስታጠብ ቆርቆሮው ላይ ጠብ ጠብ ሲል ሰማሁ።

ቡና ሲሰጣ አይቶ ያደገ ሰው ዝናብ ሲጥል አያስብም፤ ይሮጣል። ከልጅነቴ ጀምሮ "ዝናብ!" ሲባል ያገኘሁትን አንስቼ አልጋውን ማልበስ ነው ልማዴ። ሮጥኩ፣ ግድግዳው ሥር የተቆለለውን ጆንያ ጎተትኩ፣ ያን እርጥብ ቀለም እንደ ቡና ጥሩ አድርጌ ሸፈንኩት። ነፋስ እንዳይገልጠውም በአራቱም ጥግ ድንጋይ ጫንኩበት። ከዚያ በረንዳ ላይ ቆሜ፣ እንዴት ቀልጣፋ ነኝ እያልኩ ዝናቡን አየሁ።

ሲያባራ ገለጥኩት። የጆንያው ሽመና ክር በክር በሩ ላይ ታትሟል። ቃጫውም ተጣብቆ እንደ ፀጉር ቆሟል። ሐጂ መጥተው አዩና ሳቃቸው አላቆም ሲል አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

"አንተ ልጅ፣ ጀንፈል ቡና መሰለህ እንዴ?"

እኔ አልሳቅኩም። ማልቀስ ነው የቃጣኝ።

ከዚያ በኋላ ያለው ፍትጊያ ብቻ ነው። እስኪደርቅ ሁለት ቀን ጠበቅሁ። ከዚያ ብርጭቆ ወረቀቱን የሳሙና ውሃ ውስጥ እየነከርኩ ማሸት ጀመርኩ። ሐጂ በአጥሩ በላይ "ሱታ፣ ሱታ" ይሉኛል፤ ቀስ በል ማለታቸው ነው። ቀስ የምልበት ቀን ግን አልነበረኝም። ጠርዙ ላይ ጠንከር አድርጌ ስይዘው ሰማያዊው አልቆ ከሥር ያለው ግራጫ ብቅ አለ። የሳሙናውን ባልዲ በእግሬ መታሁት። ሐጂም "የቸኮለ አፍሶ ለቀመ" ብለው ገቡ። እንደገና ቀባሁ፣ እንደገና ጠበቅሁ፣ እንደገና አሸሁ። የጣቶቼ ቆዳ ተላጠ። ያንን በር እንደ ሰው ጠላሁት።

እውነቱን ለመናገር አጎቴንም ጠላሁት። ጠዋት ጠዋት ወደ መሪው ከመሄዱ በፊት ዞሮ ወደ ጋቢናው በር ይመጣል፤ እጁን መያዣው ውስጥ ሰድዶ ጥቂት ይቆማል፤ ከዚያ ነው ወደ ራሱ በር የሚሄደው። ማታ ያንን በር ከውስጥ ተጭኜ የምቆልፈው እኔ ነኝ። ስለዚህ መቆለፌን ሲፈትሽ ነው እያልኩ ሁለት ዓመት ሙሉ ስበሳጭ ኖሬያለሁ። በሩን እያሸሁም ይኼው ነበር የሚብሰለሰለኝ፤ ምን ብለፋ ይሄ ሰው አያምነኝም።

በመጨረሻው ቀን ፖሊሹን በአሮጌ ካናቴራ እያዞርኩ ስጠርግ ነጩ ለቀቀና በሩ አበራ። አጥሩ፣ የአቮካዶው ዛፍ፣ ያልተላጨው ፊቴ፣ ሁሉም ውስጡ ታየ። ሐጂ መዳፋቸውን አሳርፈው "ማሻአላህ" አሉ። በሩን ገጥሜ እንቅልፌን ተኛሁ።

አጎቴ በማግስቱ ጥቁር መነጽር አድርጎ ገባ። ደስ ብሎታል፤ የዛፉን ቅጠል፣ የቆርቆሮውን ዝገት፣ የእኔን አንድ ሁለት ሽበት ሳይቀር ይቆጥራል። ከዚያ ወደ መኪናው ሄደ፣ እንደ ልማዱ ዞረ፣ እጁን ጋቢናው በር መያዣ ውስጥ ሰደደ። ጣቶቹ አንዴ ሄዱ፣ ተመለሱ፣ እንደገና ሄዱ። መነጽሩን አውልቆ ጎንበስ አለ።

አልቻልኩም። "ጋሼ፣ ሊሙ ገነት ላይ አጋጨሁት" ብዬ ጆንያውን ሳይቀር ሁሉንም ነገርኩት።

"ብረት ነው፤ ይጋጫል" አለ። ጣቱ አሁንም እዚያው ነው። "እዚህ ውስጥ የነበረውስ ጭረት?"

"እሱንም አጠፋሁት። አሮጌ ነበር።"

"የቀለበቷ ነው" አለኝ። "ስንት ዓመት ስትከፍት ስትዘጋ። እስካሁን በእጄ ብቻ ነበር የማውቀው። ዓይኔ ሲበራ አየዋለሁ ብዬ ነበር።"

ያንን የባለቤቱን ቀለበት እኔም አውቀዋለሁ። ልጅ ሆኜ ሳጠፋ ከኩርኩሟ ጋር አናቴ ላይ ያርፍ ነበር። እንዴት አላሰብኩም?

አጎቴ አልተቆጣም፤ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። መነጽሩን መልሶ አደረገ። ቁልፉን አልጠየቀኝም፤ ራሴ አውጥቼ መዳፉ ላይ አስቀመጥኩት። ጣቶቹን ግን ላጥፍለት አልደፈርኩም።