ስም ያልተጻፈበት ሣጥን

መምህር ኦንዲቲ ደረጃ ሲወጣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ቆሞ ማረፍ ከጀመረ ሁለት ዓመት ሆነው። ተማሪዎቹ እያለፉት ሲወጡ እንዳያዝኑለት ስልኩን አውጥቶ የሚያነብ ይመስላል። የሚያነበው ግን የለውም። ትንፋሹ ሲመለስለት ስልኩን ኪሱ ይከትና ወደ ሦስተኛው ፎቅ ያዘግማል።

የማታው ክፍል እዚያ ነው። ከሥሩ የኪሱሙ ከተማ አውቶቡስ መናኸሪያ አለ፤ ረዳቶቹ «ቡሲያ! ቡሲያ! አንድ ሰው የቀረው!» እያሉ ሲጮኹ መስኮት ቢዘጋም ይሰማል። ተማሪዎቹ ሥራ ውለው የሚመጡ ትልልቅ ሰዎች ናቸው፤ የባንክ ሠራተኛ አለ፣ ነርስ አለች፣ ከስኳር ፋብሪካው የሚመጣ አለ። ሁለተኛ ዲግሪያቸውን በሥራ አመራር ሊይዙ ነው። የደከመው መምህር የደከሙትን ያስተምራል።

ሃያ ሰባት ዓመት ያስተማረው ነገር ሲጠቀለል አንድ ነው፤ ሥራ ተራ አለው። ሰሌዳው ላይ ሣጥን ይሥላል፤ አንዱን ከአንዱ በቀስት ያያይዛል። የትኛው ሥራ የትኛውን እንደሚያስጠብቅ፣ ሁሉን አስሮ የያዘው የትኛው እንደሆነ ፈልጉ ይላቸዋል። ደግሞ በእያንዳንዱ ሣጥን ውስጥ የሠሪው ሰው ስም ካልተጻፈ ቀይ እስክሪብቶው አይምርም። «ስም የሌለው ሣጥን ሥራ አይደለም፤ ምኞት ነው» ይላል።

እሱ ራሱ ጡረታ ሊወጣ ሁለት ወር ቀርቶታል። የሚኖርበትን የዩኒቨርሲቲውን ቤት ያስረክባል። ከዚያ የት እንደሚገባ አያውቅም። በትውልድ መንደሩ በአሴምቦ፣ አባቱ ግቢ ውስጥ፣ የሱ የሚባል ቤት የለም። በነሱ ዘንድ ታናሽ ከታላቁ ቀድሞ ጎጆ አይቀልስም፤ የቀደመ እንደሆነ መዓት ግቢውን ይጎበኘዋል ይባላል። መምህሩ ይህን አምናለሁ ብሎ አያውቅም። ልሞክረውም ብሎ አያውቅም። ታላቅ ወንድሙ ኦቢዬሮ ደግሞ ሞምባሳ ወደብ ሥራ ከገባ ወዲህ ቤት አልሠራም፤ ከአባታቸው ቀብር በኋላም ግቢውን አልረገጠም።

ኦንዲቲ ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት የቤት መሥሪያ ድንጋይ አስጭኖ እዚያው አራግፏል። ድንጋዩ ሣር በቅሎበታል።

«የአኪኒ አባት» ትለዋለች ሚስቱ ዶሪና በልጃቸው ስም እየጠራችው፣ «እዚያ ድንጋይ ላይ እንሽላሊቷ ወለደች፣ አሳደገች፣ ዳረች። እኛስ መቼ ነው?»

«ኦቢዬሮ ሲመቸው ይመጣል።»

«የምትወጣበትን ቀን ማን ነገረው?»

«ታላቅ ነው። እንዴት አያውቅም?»

ዶሪና ታየውና ዝም ትላለች። ሠላሳ አራት ዓመት አብራው ስትኖር የቱ ጋ ዝም እንደሚባል ለምዳለች።

አንድ ሐሙስ ማታ ኦንዲቲ ያዘጋጀውን ወረቀት ቤት ረስቶት መጣ። ተመልሶ እንዳያመጣ ጉልበቱ እምቢ አለ። ሰሌዳው ፊት ትንሽ ቆመና አፉ ላይ የመጣለትን ተናገረ።

«አንድ ሰው አለ እንበል። በስልሳ ቀን ውስጥ የሚኖርበትን ቤት ይለቃል። በአባቱ ግቢ ቤት ለመሥራት አርባ አምስት ቀን ይበቃዋል። ታላቅ ወንድሙ ግን ገና አልሠራም። ይደርስለታል?»

ሣጥኖቹን ሣለ። ሙሪዩኪ የሚባለው የባንክ ሠራተኛ ከደጋው፣ ከሌላ ሕዝብ የመጣ ነው፤ ቶሎ ብሎ እጁን አነሣ።

«ቀላል ነው መምህር! ሁለቱን ቤት ባንድ ቀን ማስጀመር ነዋ።»

ክፍሉ በሳቅ አውካካ።

«ይሄን ሰውዬ ማንም እህቱን እንዳይድርለት!» አለ የስኳር ፋብሪካው ሰው ከኋላ። «ግቢውን በሳምንት ወና ያደርገዋል።»

«ታዲያ ታላቁ መቶ ዓመት ባይሠራስ?» አለ ሙሪዩኪ።

«መቶ ዓመት ይጠበቃላ! አንተ ምን አስቸኮለህ?»

አዊኖ ብቻ አልሳቀችም። የሆስፒታል ነርስ ናት፤ ነጭ ጫማዋን ሳትቀይር መጥታ አብዛኛውን ጊዜ አገጯን በእጇ ደግፋ ታንቀላፋለች። ዛሬ ዓይኗ ሰሌዳው ላይ ነበር።

«መምህር፣ ታላቁ የግድ ትልቅ ቤት ይሥራ ያለው ማነው? እኛ ጋ አጎቴ ሲቸግራቸው መጥተው ትንሽ የጭቃ ጎጆ አቆሙ። አንድ ቀን አደሩባት፣ በቃ። ታናሾቹ ቀጠሉ።»

«እሺ። ሦስት ቀን ብለን እንጻፍ።»

«እንግዲህ ይደርስለታል» አለች። «ያሰረው ጎጆው አይደለማ። ከሱ በፊት ያለው ሣጥን ነው። ‹ለታላቁ መንገር› ብለው ጽፈዋል። ስም የለበትም።»

ኦንዲቲ ዞሮ አየ። እውነቷን ነው።

«ከኔ ላይ ባለፈው ወር በዚሁ አምስት ነጥብ ቀንሰዋል!» አለ የፋብሪካው ሰው። እንደገና ተሳቀ።

አዊኖ ግን የመምህሩን እጅ አየች። ጠመኔው ስም የሌለውን ሣጥን ነክቶ ቀርቷል። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«መምህር… ነግረዋቸዋል?»

ሳቁ ቀስ በቀስ ሞተ። ከታች «ቡሲያ! ቡሲያ!» ብቻ ተሰማ። ኦንዲቲ ሣጥኑ ውስጥ በትንንሽ ፊደል «ኦንዲቲ» ብሎ ጻፈበት።

«ለዛሬ ይብቃን» አለ።

ሲወርድ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ቆመና ስልኩን አወጣ። የዛሬው የምሩን ነበር።

«ወንድም ጋሼ፣ ኦንዲቲ ነኝ። ቤቱን ልለቅ ነው። መጥተህ ምሰሶህን ትከልልኝ፤ ካንተ ኋላ እንድሠራ።»

«አንተ አልሠራህም እንዴ?» አለ ኦቢዬሮ።

«ሳትሠራ?»

«ቅዳሜ እመጣለሁ።»

ቅዳሜ መጣ። ፀጉሩ ነጥቷል፤ የያዛት ቦርሳ የተማሪ ቦርሳ ታህላለች። ሰላምታውን እንደጨረሰ በቀጥታ ሄዶ ድንጋዩ ክምር ፊት ቆመ። ሣሩን በጫማው ገለጥ አደረገ።

«ይሄ ነው?»

«እሱ ነው።»

«አንድ ያገራችን ሰው ወደቡ ድረስ መጥቶ ‹ታናሽህ ድንጋይ አራግፎ መሠረት አስቆፍሯል› አለኝ። ቀደመኝ አልኩ። የተቀደመ ታላቅ በየትኛው በር ይገባል? አሥራ አንድ ዓመት በዓል በመጣ ቁጥር ቦርሳዬን እያሰናዳሁ እፈታታለሁ።»

«እኔ ደሞ አንተን ስጠብቅ።»

«እኔም እንድትጠራኝ።»

ሊስቁ ሞከሩ፤ አልወጣላቸውም። ዶሪና ዓሣና የበቆሎ ገንፎ ይዛ ስትመጣ ሁለቱ ሽማግሌዎች መሬት መሬት እያዩ ቆመው ነበር። አሁንም የቱ ጋ ዝም እንደሚባል አወቀች፤ ትሪውን አስቀምጣ ሄደች።

በልተው ሲያበቁ፣ እንደ ወጉ የተጠራው አጎታቸው የታላቁን ጎጆ ቦታ አሳየና ኦቢዬሮ መቆፈሪያውን አነሣ። ኦንዲቲ ሊያግዘው ብድግ አለ።

«ተቀመጥ» አለው ታላቁ። «ተራው የኔ ነው። ፊትህን አይተኸዋል? ደክሞሃል እኮ።»

ኦንዲቲ የራሱ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። እንሽላሊቷ ከእግሩ ሥር ወጥታ ሄደች። መቆፈሪያው መሬቱን ሲመታ ይሰማው ነበር፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ምሰሶው ሲቆም ግን አላየም። እንደተቀመጠ አንገቱን ደፍቶ እንቅልፍ ወስዶት ነበር፤ ኦቢዬሮም እንዳይቀሰቅሰው አፈሩን በእግሩ ቀስ እያለ ጠቀጠቀው።