በባዶ እግሯ የተሳለመቻት ሥዕል

የወለል ሰም በሸተተኝ ቁጥር ፒያሳ ያለችው ትንሽ የሥዕል ሙዚየም ትዝ ትለኛለች። ሙዚየም ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። አንድ ሽማግሌ ዕድሜ ልካቸውን የሰበሰቧቸውን ሥዕሎች በኖሩበት አሮጌ ቤት ግድግዳ ላይ ሰቅለው በሩን ለሰው የከፈቱባት ናት። የእንጨቱ ወለል ሲረግጡት ይንቋቋል፤ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በረጃጅሞቹ መስኮቶች ትገባለች።

ያኔ ስድስት ኪሎ የሁለተኛ ዓመት ተማሪና አራዳ ነኝ ባይ ነበርኩ። ከክፍሌ ልጆች ጋር ሙዚየሟን ጎብኝቼ ማታ ለእናቴ አወራሁላት፤ ጥጓን የጧፍ እሳት የለበለባትን የእመቤታችንን ሥዕል ጭምር። እናቴ የምትከትፈውን ጎመን ትታ ቀና አለች።

"የኔ ናት" አለች።

ከእናቷ የወረሰቻት፣ ሕፃን ሳለሁ ታምሜ ለመድኃኒቴ ብላ የሸጠቻት ሥዕል ነበረች።

"ውሰጂኝና ልሳለማት።"

ቅዳሜ ወሰድኳት። ነጠላዋን መስቀለኛ አጣፍታ ነበር። የአዳራሹ ደጃፍ ስንደርስ ጎንበስ ብላ ጫማዋን አወለቀች።

"እማማ፣ ሙዚየም እኮ ነው፤ ጫማዎን ያድርጉ" አላት ዘበኛው።

"እመቤቴ ፊት በጫማ ልቁም እንዴ?"

በባዶ እግሯ ገብታ የሥዕሏን መስታወት ሦስት ጊዜ ተሳለመች፤ ግንባሯን አስደግፋም ቆየች። የቤት ሥራቸውን ሊጨርሱ የመጡ ሁለት የክፍሌ ልጆች ጥግ ላይ ነበሩ። አንዷ ሳቋን በእጇ ሸፍና ወደ እኔ ጠጋ አለች።

"ታውቂያቸዋለሽ እንዴ?"

"አላውቃቸውም" አልኩ።

ዕድሜ ልኬን አንቺ ያልኳትን እናቴን። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። እናቴ ዞር አላለችም። ሽማግሌው ባለቤት ግን ሰምተው ኖሮ አዩኝ። ጫማቸውን አወለቁና ሄደው አጠገቧ ቆሙ።

ወደ ቴዎድሮስ አደባባይ ቁልቁል ስንወርድ "አሳፈርኩሽ አይደል?" አለችኝ።

"ኧረ እማዬ!"

"ግድ የለም። እሷም ደህና ናት፣ አንቺም ደህና ነሽ፤ ሌላ ምን እፈልጋለሁ?"

ይቅር በይኝ ማለት ነበረብኝ። ነገ ዛሬ ስል እናቴ አረፈች። ሽማግሌውም የሉም።

ባለፈው ሳምንት ብቻዬን ሄድኩ። ወለሉ አሁንም ሰም ይሸታል፤ አሁንም ይንቋቋል። ደጃፉ ላይ ጫማዬን ሳወልቅ አስጎብኚዋ ልጅ ግራ ገባት።

"እትዬ፣ ማውለቅ አያስፈልግም እኮ።"

"አውቃለሁ" አልኳት።

እስክሳለም ጠበቀችኝና "ሥዕሏን ያውቋታል እንዴ?" አለችኝ።

"የእናቴ ናት" አልኩ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ። ክፍሉ ውስጥ ከእኛ ሌላ ሰው አልነበረም።