የጥርባ ተማሪዎቼ ደካሞች አልነበሩም

ዛሬ እንጅባራ ስብሰባ ላይ አንድ ወጣት ባለሙያ ከደርግ ዘመን ሪፖርት «የጥርባ መሠረተ ትምህርት ጣቢያ፤ የተማሪዎች ውጤት ደካማ» ብሎ ሲያነብ ደሜ ፈላ። የዚያ ጣቢያ አስተማሪ እኔ ነበርኩ።

ተማሪዎቼ አብዛኞቹ ባለትዳር ሴቶች ነበሩ። አፋቸውን የፈቱት በአገውኛ ሲሆን አማርኛን ገና እየለመዱት ነበር።

አንድ ቀን ከዳንግላ ተቆጣጣሪ መጣና የሺ የምትባል ተማሪዬን በአማርኛ ሂሳብ ጠየቃት። አማርኛው አልገባትም። «ደካማ» ብሎ ጻፈ።

«ጓድ፣ በአገውኛ ልጠይቃት» አልኩት። ጠይቄያት ሳልጨርስ መለሰች፤ መልሷን በአማርኛ ነገርኩት።

«ልክ ናት፤ ግን ፎርሙ ላይ አገውኛ የሚል የለም» አለኝ።

(ሰውየው በአገውኛ ሰላምታ እንኳ አያውቅም። እሱን ደካማ ያለው የለም።)

በዚያ ሪፖርት ምክንያት ጣቢያው ተዘጋ። የሺ ስሟን መጻፍ እንደ ጀመረች ቀረች።

ዛሬ ተነስቼ ይህንኑ ተናገርኩ። ወጣቱ «አባቴ፣ እኔ የተጻፈውን ነው ያነበብኩት» አለኝ።

«እንግዲያው የሺ በትክክል መልሳለች ብለህ ጨምርበት» አልኩት። እስኪጽፍ ድረስ አልተቀመጥኩም።

በማያውቁት ቋንቋ ተፈትነው የወደቁ እናት አባት ያላችሁ፣ ስማቸውን እዚህ ሥር ጻፉልኝ።