አክሱምና የእማማ ጉድጓድ

ዛሬ መናኸሪያ አጠገብ አንዲት ሴት በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ቆጮ ስትፈታ፣ ኮምጣጣው ሽታ ባደግኩበት ቱላ ወደነበረው ጓሯችን ይዞኝ ሄደ።

አሥራ አራት ዓመቴ ነበር፤ ገና አምስተኛ ክፍል ነኝ። አባቴ "ዘንድሮ ካላለፍሽ ቤት ትቀመጫለሽ" ብሎኛል። በማግስቱ የዓመቱ መጨረሻ የታሪክ ፈተና ስላለብኝ፣ እማማ የምንላቸው የአባቴ አክስት ቆጮ ከሚቀብሩበት ጉድጓድ ዳር እንሰት ሲፍቁ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ጮክ ብዬ አጠናለሁ። የአክሱምን ሐውልት ሥዕል አሳየኋቸው። አክሱም የተዳከመችባቸውን ሦስት ምክንያቶችም አነበብኩላቸው፤ ንግዱ ተቋረጠ፣ መሬቱ ተጎዳ፣ ዝናቡ ጠፋ።

እማማ መፋቂያቸውን አስቀመጡ።

"ቆይ እስቲ! ይህን የሚያህል ድንጋይ ያቆሙ ሰዎች፣ ለክፉ ቀን ቆጮ የሚቀብሩበት ጉድጓድ አልቆፈሩም?"

"እማማ፣ እዚያ እኮ እንሰት የለም።"

"ውይ፣ የኔ ልጆች!" ብለው ከንፈራቸውን መጠጡ። የአክሱም ሰዎች አጠገባቸው የተራቡ ይመስል ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

ፈተናው ላይ ሦስተኛው ምክንያት ጠፋኝና "የሚቀብሩት ቆጮ ስላልነበራቸው" ብዬ ጻፍኩ። መምህሩ መልሴን ለክፍሉ አነበበው፤ ሁሉም ሳቀ። ወደ ስድስተኛ ክፍል ለማለፍ አንድ ነጥብ ጎደለኝ።

አባቴ ወረቀቱን ይዞ ሲቆጣ፣ እማማ ቆጮ የነካ እጃቸውን በቀሚሳቸው እየጠረጉ መጡ።

"መልሱ የኔ ነው፤ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ከትምህርት ቤት እኔን አስወጣኝ!"

አባቴ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው፤ በመስከረም አምስተኛን እንድደግም አስመዘገበኝ። እኔ ግን ስንት የታሪክ መጽሐፍ ካነበብኩ በኋላ እንኳ፣ ያ መልስ ስህተት ነበር ለማለት ዛሬም ይቸግረኛል።