በኅዳር የማይገኘው እንደራሴ

ወልደተንሣኤ በአንኮበር፣ ከጎረቤላ በላይ፣ ደመና ሲደክመው አረፍ በሚልበት ተረተር ላይ ገብስ የሚያርስ ገበሬ ነበር። ከሀብቱ ሁሉ የሚበልጠው ድምፁ ነው። በደቦ አጨዳ እሱ ዘፈኑን ሲያወርድ፣ ታች አሊዩ አምባ ገበያ የቆሙ ግመሎች ጆሯቸውን ያቆማሉ ይባላል። ግመሎቹን ጠይቆ ያጣራ ግን የለም።

በ1953 ዓ.ም. የፓርላማ ምርጫ ሲመጣ የደቦ ጓደኞቹ፣ «ይሄን ጉሮሮ አዲስ አበባ እንላከው፤ የኛም ጆሮ ይረፍ» ብለው አስመዘገቡት። ፊደል ላልቆጠረው መራጭ ሲባል ተወዳዳሪ ሁሉ የሥዕል ምልክት ይይዝ ነበርና፣ እሱ ማጭድ ያዘ። አንበሳ የያዘው ባለርስትና ጃንጥላ የያዘው ነጋዴ እንደ ገለባ ተበተኑ።

ጥቅምት ላይ ምክር ቤት ገባ። «አንኮበር መንገድ ያስፈልጋታል!» ብሎ መስኮቱን አንቀጠቀጠና፣ እንደለመደው ተቀባዮቹ «ሆ!» እስኪሉ ጠበቀ። አንድ ሽማግሌ አሳሉ። በቃ። ቢሆንም ወንበሩ ለስላሳ፣ ሻዩ ትኩስ ነበርና ተመቸው።

ኅዳር ሲገባ አንድ የአውቶቡስ ሾፌር መጥቶ፣ «ባለቤትዎ ወይዘሮ ይመኙሻል ‹ደቦው ቀረብን፣ ሰማዩም አላማረኝም› ብለውዎታል» አለው።

ጥፋቱን አወቀው። በጎረቤቱ በገብረጻድቅ አጨዳ ቀን በራሱ ፋንታ ቅጥረኛ ልኮ ነበር። ደቦ ደግሞ በቅጥረኛ አይመለስም፤ ባለዕዳው ራሱ ካላጎነበሰ እንደ ቀረ ይቆጠራል። የዓመቱ ቀለብ ማሳ ላይ ቆሟል፤ ይመኙሻል ብቻዋን አጭዳ አትዘልቀውም።

ፈቃድ ሊጠይቅ ገባ።

«ታመሙ እንዴ?» አሉት ሰብሳቢው።

«ኧረ ደህና ነኝ፤ ገብሴ ደረሰ።»

እስከ ደብረ ብርሃን በአውቶቡስ፣ ከዚያ ወዲያ በኪራይ በቅሎ ገሰገሰ። ቤቱ ሳይገባ፣ ገብረጻድቅ የቀረችውን ቁራጭ ማሳ ከሚያጭድበት ገደል አፋፍ ደረሰ።

«የተከበሩ፣ እንዴት ሰነበቱ!» አለ ገብረጻድቅ ቀና ሳይል። «እኛ አንተን ወክለን ብንልክ፣ አንተ ደግሞ ሌላ ወክለህ ትልክብናለህ?»

«ስብሰባ ነበረብኝ ወንድሜ።»

«ምልክትህ ማጭድ፣ በማጭድ ቀን የለህ! ጃንጥላውን ብንመርጥ ለዝናቡ በሆነን።»

ወልደተንሣኤ ኮቱን ካቡ ላይ ጥሎ አጎነበሰ። ከረባቱን ማውለቅ ረስቶ ኖሮ፣ ከገብሱ ጋር ጨብጦ ሊያጭደው ሲል ገብረጻድቅ ጮኸበት። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መዳፉ ውሃ ቋጥሯል።

ገብረጻድቅ እጁን ገልብጦ አየና ሳቀ። «የሻይ እጅ ሆኗል። ግድ የለም፤ ነገ አንተ ጋ ነን።»

በነጋታው ደቦው ማሳውን ሞላው። ደመናው ተራራውን ቁልቁል ሲንደረደር ወልደተንሣኤ ድምፁን ለቀቀው፤ «ገብሱ ደረሰ!»

«ሆ!» አለ ደቦው፣ «ሆ!» አለ ገደሉ። ሰውየው ከጥቅምት ጀምሮ የጠበቃትን መልስ በመጨረሻ አገኛት። የመጨረሻው ነዶ ተከምሮ ሣር ሲለብስ በረዶው ወረደ፤ ባዶውን ማሳ እንዳሻው ደበደበ። ይመኙሻል ጠላ እየቀዳች፣ «አሁን ምክር ቤት ገባህ» አለችው።

ሁለት የምርጫ ዘመን አገለገለ፤ ሁለቱንም በማጭድ። በየዓመቱ ኅዳር ላይ ወንበሩ ባዶ ይሆናል። አዲስ የመጣ እንደራሴ «የት ሄዱ?» ሲል፣ ያሳሉት ሽማግሌ፣ «መልስ የሚሰጧቸው ሰዎች ዘንድ» ይሉታል።